ወንድሜ አልተከሰሰም፤ ገንዘቡን ግን ወሰዱት

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ታናሽ ወንድሜ የሰው ትራክ ይነዳል። የራሱን ያገለገለ ትራክ ሊገዛ 38,000 ዶላር በካሽ ይዞ ወደ ቴክሳስ ሲሄድ፣ ቴነሲ ውስጥ አይ-40 ላይ ፖሊስ አስቆመው። «መስመር ነክተሃል» አሉት። ቲኬት ግን አልሰጡትም። ዕፅ የሚያሸት ውሻ እስኪመጣ ከግማሽ ሰዓት በላይ አቆዩት። ውሻው መኪናውን ከዞረ በኋላ ፈተሹ፣ ገንዘቡን ወሰዱ፣ አንዲት ወረቀት አስፈርመው ሸኙት። አላሰሩትም፣ አልከሰሱትም። 24,000ው የደረሰው እቁብ ነው፣ 9,000ው ያጠራቀመው፣ 5,000ው ከአጎታችን የተበደረው። አሁን ከአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጥቶለታል። ዘመድ ሁሉ «ግሪን ካርድህ ላይ ነገር እንዳታመጣ፣ ዝም በል። ካልተከሰስክ ራሳቸው ይመልሱልሃል» ይለዋል። እውነት ይመልሱለታል?

መልስ፦ ዝም ካለ አይመልሱለትም። ይህን መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት የቀረውን ከማንበብዎ በፊት ለወንድምዎ እንዲደውሉ ነው። የመጣለት ደብዳቤ ላይ አንድ የመጨረሻ ቀን አለ። እስከዚያ ቀን «ገንዘቡ የእኔ ነው» ብሎ በጽሑፍ ካልጠየቀ፣ 38,000 ዶላሩ ዳኛ ሳያየው፣ ምስክር ሳይሰማበት የመንግሥት ይሆናል።

ዘመዶችዎን አልወቅስም። «ሰውየው ካልተከሰሰ ንብረቱ ይመለሳል» ማለት የጤነኛ ሰው አስተሳሰብ ነው። ችግሩ እዚህ አገር ሌላም መንገድ አለ። መንግሥት ሰውየውን ይተውና ንብረቱን ራሱን በፍትሐ ብሔር ይከሳል። ተከሳሹ ገንዘቡ ነው። የመዝገቡ ስም እንኳ «ዩናይትድ ስቴትስ በ124,700 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ላይ» ዓይነት ነው። እየቀለድኩ አይደለም፣ ይህ በሕግ ትምህርት ቤት የሚነበብ ፍርድ ነው። ወንድምዎ በዚህ ክርክር ውስጥ ተከሳሽ አይደለም። ከውጭ ገብቶ «የእኔ ነው» የሚል ሰው ነው። ስለዚህ አለመከሰሱ ምንም አይረዳውም። እንዲያውም ቢከሰስና አቅም ባይኖረው መንግሥት ጠበቃ ያቆምለት ነበር። በዚህ ዓይነት ጉዳይ ግን የፌዴራሉ ሕግ ጠበቃ በነጻ የሚያቆመው የሚኖሩበት ቤት ሲያዝ ነው። ለካሽ የለም።

ያን የ124,700 ዶላር ጉዳይ ትንሽ ላጫውትዎ፣ ከወንድምዎ ታሪክ ጋር ይቀራረባልና። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ2003 ነብራስካ ውስጥ አንድ ሰው አይ-80 ላይ በፍጥነት ምክንያት ቆመ። መኪናው ሲፈተሽ ገንዘቡ በምግብ ማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ ተገኘ። ዕፅ አልተገኘም። ሰውየው ከጓደኞቹ ጋር አዋጥተው ማቀዝቀዣ ያለው ትራክ ሊገዛ ቺካጎ ሄዶ እንደነበር አስረዳ። ጓደኞቹም ቀርበው መሰከሩ። የመጀመሪያው ዳኛ አመኗቸው። በ2006 ግን ስምንተኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ሽሮ ገንዘቡን ለመንግሥት ሰጠ። የገንዘቡ ብዛት፣ አጠቀላለሉና የውሻው ምልክት ተቆጠሩበት። ሌላም ነገር ነበር። ሰውየው መንገድ ላይ ገንዘብ ይዞ እንደሆነ ሲጠየቅ አልያዝኩም ብሎ ነበር።

ቴነሲ በስድስተኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት ሥር ስለሆነች ያ ፍርድ በወንድምዎ ጉዳይ ላይ አስገዳጅ አይደለም። ትምህርቱ ግን ይሠራል። ዛሬ ማታ ወንድምዎ ቁጭ ብሎ የተጠየቀውንና የመለሰውን በቅደም ተከተል ይጻፍ። «ገንዘብ ይዘሃል?» ሲሉት ምን አለ? «ልፈትሽ?» ሲሉት እሺ ብሏል? ስንት ሰዓት ቆመ፣ ውሻው ስንት ሰዓት መጣ? በአማርኛ ይጻፈው፣ ግድ የለም። ለጠበቃው ብቻ ይስጠው፣ ለሌላ ሰው አያሳይ፣ ቴሌግራም ላይም አይላክ። ጠበቃው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን የፖሊሱ የመኪናና የደረት ካሜራ ቪዲዮ እንዳይጠፋ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይላክ። ቪዲዮ ለዘላለም አይቀመጥም።

የአንድ ካውንቲ ፖሊስ ወስዶት እንዴት የፌዴራል ደብዳቤ መጣ ብለው ይገረሙ ይሆናል። ሚስጥሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ንብረትን የመክሰስ ልማድ ጥንት ከመርከብ ሕግ የመጣ ነው። የመርከቡ ባለቤት ባሕር ማዶ ስለሆነ መርከቡን ይከሱ ነበር። በ1984 የወጣው የፌዴራል ሕግ ግን ነገሩን ለወጠው። የተወረሰው ገንዘብ ለሕግ አስከባሪዎቹ ራሳቸው የሚሆን ፈንድ ውስጥ እንዲገባ አደረገ። የአካባቢ ፖሊስ የያዘውን ለፌዴራል ካስረከበ እስከ 80 በመቶ ድርሻ ተመልሶ ይሰጠዋል። ኒው ሜክሲኮ በ2015፣ ነብራስካ በ2016፣ ሜይን በ2021 ሰው ሳይፈረድበት ንብረት መውረስን አስቀርተዋል። ዋሺንግተን ዲሲም በ2014 ለባለንብረት የተሻለ ሕግ አውጥታለች። ስቴቱ በሩን ቢዘጋም ግን የፌዴራሉ መስኮት አለ። በ2015 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ኤሪክ ሆልደር ይህን ርክክብ አጥብበውት ነበር። በ2017 በኋላ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሆኑት ጄፍ ሴሽንስ መልሰው ከፈቱት።

ስለዚያ መንገድ ደግሞ የናሽቪል የአካባቢ ቴሌቪዥን በ2011 አንድ ነገር አጋልጦ ነበር። አይ-40 ላይ ዕፁ በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው የሚጓዘው፤ የሽያጩ ገንዘብ ደግሞ ወደ ምዕራብ ይመለሳል። የፀረ ዕፅ ቡድኖቹ በብዛት የሚያስቆሙት የትኛውን አቅጣጫ ነው? ገንዘቡ የሚሄድበትን። ወንድምዎም ወደ ቴክሳስ፣ ማለት ወደ ምዕራብ ነበር የሚሄደው። ፖሊሱ ክፉ ሰው ነው እያልኩ አይደለም። በጀቱ ከዚያ ከሆነ ዓይኑም ወደዚያ ያያል።

በ2017 የፍትሕ ሚኒስቴሩ የራሱ ዋና ኢንስፔክተር አንድ ሪፖርት አወጣ። የፌዴራሉ ፀረ ዕፅ ድርጅት፣ ዲኢኤ፣ ከ2007 ጀምሮ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካሽ ይዟል። ከዚያ ውስጥ 3.2 ቢሊዮኑ የተወረሰው ፍርድ ቤት ሳይደርስ፣ በመሥሪያ ቤቱ ውሳኔ ብቻ ነው። ኢንስፔክተሩ 100 ጉዳዮችን መርጦ ሲያይ ከወንጀል ምርመራ ጋር መያያዛቸው የተረጋገጠው 44ቱ ብቻ ነበሩ። 3.2 ቢሊዮኑ ፍርድ ቤት ያልደረሰው በምን ምክንያት ነው? ማንም በሥርዓቱ «የእኔ ነው» ስላላለ ነው። አንዳንዱ በእርግጥ የዕፅ ነጋዴ ስለሆነ ዝም አለ። አንዳንዱ እንደ ወንድምዎ ዘመድ መክሮት ዝም አለ። ወረቀቱ ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው።

አሁን ወደ ሥራው። በ2000 የወጣ አንድ የፌዴራል ሕግ ለባለንብረት ጥቂት መብቶች ሰጥቷል። የምንጠቀመው እሱን ነው። የአካባቢ ፖሊስ ይዞ ለፌዴራል ያስረከበው ከሆነ፣ ደብዳቤው ገንዘቡ ከተያዘ በ90 ቀን ውስጥ መላክ አለበት። መጀመሪያውኑ የያዘው ፌዴራል ከሆነ በ60 ቀን። ስለዚህ የተያዘበትንና ደብዳቤው የተላከበትን ቀን ያስተያዩ፣ ፖስታውንም አይጣሉ። መልስ የሚሰጥበት ቀን ደብዳቤው ከተላከ ቢያንስ 35 ቀን ነው። ልብ ይበሉ፣ ከተላከ እንጂ ከደረሰ አይደለም። ደግሞ ማመልከቻው በዚያ ቀን እነሱ እጅ መግባት አለበት። ፖስታ ቤት መስጠት ብቻ አይበቃም። እኔ ብሆን የመጨረሻውን ሳምንት አልጠብቅም።

ሰው በብዛት የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው ነገር ነው። ደብዳቤው ሁለት ምርጫ ይሰጣል። አንዱ የይገባኛል ጥያቄ ነው። ሌላው መሥሪያ ቤቱ በራሱ ቸርነት እንዲመልስ የሚለምን የይቅርታ ማመልከቻ ነው። ሁለተኛው ለስላሳ ስለሚመስል የእኛ ሰው እሱን ይመርጣል። «ለምን ክርክር ውስጥ እገባለሁ፣ በትሕትና ልለምን» ይላል። የይቅርታውን ብቻ ካስገባ ግን ጉዳዩ ዳኛ ዘንድ አይሄድም። የወሰደው ወገን ራሱ ነው የሚወስነው። የይገባኛል ጥያቄ ካስገባ ግን ኳሱ ወደ ዐቃቤ ሕጉ ይሄዳል። በ90 ቀን ውስጥ ወይ ፍርድ ቤት ከፍቶ ይከሳል፣ ወይ ገንዘቡን ይመልሳል። እዚህ ደረጃ ላይ የሚመለስ ገንዘብ አለ። ዐቃቤ ሕጉ ፋይሉን ከፍቶ ሲያየው መስመር መንካት፣ ውሻና ካሽ ብቻ ሊያገኝ ይችላል።

የይገባኛል ጥያቄው ውስብስብ አይደለም። ክፍያ የለውም፣ ማስያዣም አይጠየቅም። የትኛው ንብረት እንደሆነ፣ ምን መብት እንዳለው ይጻፋል። ከዚያ «ውሸት ብናገር በሕግ ልጠየቅ» ብሎ ይፈርማል። የሚፈርመው ወንድምዎ ራሱ ነው። እርስዎም ሆኑ ጠበቃው በእሱ ፈንታ ሊምሉ አይችሉም። ዝርዝር ታሪክ እዚያ ላይ መተረክ አያስፈልግም። አጭርና እውነት ይሁን።

የአጎትዎን 5,000 ዶላር በተመለከተ፣ አጎትዎ «እኔም ልጠይቅ» ካሉ አያስፈልግም ይበሏቸው። ሕጉ ያለ መያዣ ያበደረን ሰው ባለንብረት አይለውም። ብድሩ እጁ ከገባ ጀምሮ ገንዘቡ የወንድምዎ ነው። አጎትዎ የሚጠቅሙት በምስክርነት ነው። ገንዘቡን ከባንክ ያወጡበትን ወይም በዜል የላኩበትን መረጃ ይስጡ። ሌላ ሰው «ለኔም ዕቃ ግዛልኝ» ብሎ አደራ የሰጠው ገንዘብ ቢኖርበት ግን ነገሩ ይለወጣል። የአደራው ባለቤት ራሱ በስሙ፣ በዚያው ቀነ ገደብ ውስጥ መጠየቅ አለበት። ወንድምዎ ሁሉንም የእኔ ነው ብሎ ከፈረመ በኋላ የሌላ ሰው መሆኑ ቢወጣ፣ የእውነተኛው ገንዘብም አብሮ ይጠረጠራል።

እቁቡ የጉዳዩ ልብ ነው። አብዛኛው ዐቃቤ ሕግ እቁብን አያውቅም። «በየሳምንቱ በካሽ ትሰበስባላችሁ፣ ባንክ የለም፣ ውል የለም፣ ለአንድ ሰው ትሰጣላችሁ?» ይላል። ለእሱ ጆሮ ይህ ሌላ ነገር ይመስላል። ግን ሜክሲኮዎች ታንዳ የሚሉት፣ ኮሪያዎች ኬ የሚሉት ያው እቁብ ነው። እነዚያን የሚያውቅ ዳኛም ጠበቃም አይጠፋም። ከዚያ ይጀምራል ማስረዳቱ። ማስረጃው የእቁቡ ደብተር ነው፣ የእቁቡ ዳኛና ጸሐፊ የቃለ መሐላ ጽሑፍ ነው፣ የሁለት ሦስት አባላት ቃል ነው፣ ወንድምዎ በየጊዜው ከባንክ ያወጣው ነው፣ የቡድኑ የስልክ መልእክት ነው፣ ዕጣ የወጣለት ቀን የተላከ «እንኳን ደስ ያለህ» ሳይቀር። ሠላሳ ሰው ማስፈረም አያስፈልግም። የሚፈራ አባል ይኖራል፣ አያስገድዱት።

ደብተሩ ላይ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ አሳምሮ መገልበጥ አይፈቀድም። የወጥ ጠብታ ቢኖርበትም፣ ስረዛ ቢበዛበትም ዋናው ይቅረብ። እንደ አዲስ የተጻፈ ደብተር የተፈበረከ ማስረጃ ነው የሚባለው፣ ያኔ ሌላ ወንጀል ይመጣል። ሁለተኛ፣ ቀኖቹ። ጸሐፊው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፎ ከሆነ «ሰኔ 2016» የሚለው ጁን 2024 መሆኑን ተርጓሚው በግልጽ ማስቀመጥ አለበት። አለዚያ ዐቃቤ ሕጉ የስምንት ዓመት አሮጌ ደብተር አቀረባችሁብኝ ይላል። ወይም «አንዱ 2016 ይላል፣ ባንኩ 2024 ይላል፣ የትኛው ነው ውሸቱ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚታወቅ ተርጓሚ ይያዙ፣ የጎረቤት ልጅ አይተርጉመው።

ግብርን በተመለከተ፣ የደረሰ እቁብ ገቢ አይደለም። ሰው የራሱን ቁጠባ ነው በአንድ ጊዜ የተቀበለው። ጥያቄው በየሳምንቱ የጣለው ከየት መጣ የሚለው ነው። ደመወዙ በግብር ወረቀቱ ላይ ካለና ሒሳቡ ከተቀራረበ ጥሩ ነው። በካሽ ተከፍሎት ያላስታወቀው ገቢ ካለ ግን ከመፈረሙ በፊት ለጠበቃው ይንገረው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከገባ መንግሥት ጥያቄዎች በጽሑፍ ይልካል፣ ወንድምዎም በመሐላ ይመልሳል። በራሴ ላይ አልመሰክርም ማለት ይችላል። በፍትሐ ብሔር ግን ዝምታው ሊቆጠርበት ይችላል። ይህን ሚዛን የሚሠራው የሚከፈለው ጠበቃ ነው እንጂ እኔ ከዚህ ሆኜ አይደለሁም።

የውሻው ጉዳይ ብዙዎች የሚያዩት እንደ መጨረሻ ማስረጃ ነው። በ2009 የማሳቹሴትስ ዳርትማውዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ከተሞች የሚዘዋወር የወረቀት ገንዘብ መርምረው ነበር። ከ10 ኖት 9ኙ ላይ የኮኬይን ርዝራዥ አገኙ። ዋሺንግተን ዲሲ ላይ 95 በመቶ ደረሰ። የእኛ ሰፈር እቁብ የሚሰበሰብበት ገንዘብ ማለት ነው። መንግሥት ደግሞ መልስ አለው። ውሻው የሚያሸተው ዱቄቱን አይደለም፣ ቶሎ የሚተንን ሽታውን ነው፣ ስለዚህ ገንዘቡ በቅርቡ ዕፅ ነክቷል ይላል። ፍርድ ቤቶችም አንድ አቋም የላቸውም። በእሱ ብቻ አሸንፋለሁ ብሎ መሄድ አይቻልም።

ከውሻው ሽታ ይልቅ ውሻው የመጣበት ሰዓት ይበልጥ ይጠቅማል። በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሮድሪገስ በተባለ ጉዳይ አንድ ነገር ወስኗል። ፖሊስ ለትራፊክ ጥፋት ያስቆመውን ሰው ለዚያ ጥፋት ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ ለውሻ ብሎ ማቆየት አይችልም፣ ሌላ በቂ ጥርጣሬ ከሌለው በቀር። ቲኬት ሳይጽፉ ከግማሽ ሰዓት በላይ አቆዩት ብለዋል። ይህ ሰዓት በቪዲዮው ላይ ከተረጋገጠ ትልቅ ነገር ነው። በሕገ ወጥ ፍተሻ የተገኘ ማስረጃ በንብረት ክስ ላይም እንደማያገለግል ከ1965 ጀምሮ የተወሰነ ነው። ያኔም ክርክሩ በአንዲት የ1958 ሞዴል ፕሊማውዝ መኪና ላይ ነበር። ለዚህ ነው ወንድምዎ «ልፈትሽ?» ሲባል ምን መለሰ ብዬ የጠየቅኩት። የእኛ ሰው ከይሉኝታ ወይም ከፍርሃት እሺ ይላል። ለወደፊቱ በትሕትና «አልፈቅድም» ማለት መብት ነው፤ ደንብ መተላለፍ አይደለም።

ፈረመ ያሉት ወረቀት ያሳስበኛል። ዕቃ የተረከቡበት ደረሰኝ ከሆነ ችግር የለም። ግን «ገንዘቡ የእኔ አይደለም» ወይም «ጥያቄ የለኝም» የሚል ሊሆን ይችላል። ቴናሃ የምትባል የምሥራቅ ቴክሳስ ትንሽ ከተማ በዚህ ስሟ ወጥቷል። መንገደኞች ገንዘባቸውን በፈቃዳቸው እንደተዉ ካልፈረሙ እንደሚከሰሱ ይነገራቸው ነበር። ልጅ ይዘው የነበሩ ደግሞ ልጃቸው እንደሚወሰድባቸው። በ2008 በጋራ ከሰሱ፣ በ2012 በስምምነት አለቀ። ቴክሳስም በ2011 እንዲህ ዓይነት የመንገድ ዳር ፊርማ ከለከለች። ወንድምዎ እንግሊዝኛውን በደንብ ሳይረዳ፣ መንገድ ዳር፣ ውሻና ፖሊስ ከበውት የፈረመው ከሆነ በፈቃዱ አይደለም ብሎ መከራከር ይቻላል። ይህንንም ቢሆን በቀነ ገደቡ ውስጥ ከጠየቀ ነው የሚከራከረው።

ግሪን ካርዱስ? የራስን ገንዘብ መጠየቅ ወንጀል አይደለም፣ ከአገርም አያስወጣም። አደጋው ያለው ውሸት ላይ ነው። በመሐላ ከተዋሸ ኢሚግሬሽኑም ወንጀሉም ይመጣል። ዘመዶችዎ ያላሰቡት ደግሞ ይህ ነው። የኢሚግሬሽን ሕጉ አንድን ሰው ዕፅ አዘዋዋሪ ነው ብሎ ለመከልከል የግድ ፍርድ አይጠይቅም። ባለሥልጣኑ «ለማመን ምክንያት አለኝ» ካለ ይበቃል። አሁን መዝገብ ላይ «38,000 ዶላር፣ ከዕፅ ጋር የተያያዘ፣ ባለቤት ነኝ ያለ የለም፣ ተወረሰ» ተብሎ ቢቀመጥ፣ ነገ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ወይም ዜግነት ሲጠይቅ ያ ጽሑፍ ቢነሣ ምን ሊል ነው? እኔ ለግሪን ካርዱ ስል እንዲጠይቅ ነው የምመክረው። ጠበቃው የኢሚግሬሽን ሕግም የሚያውቅ ቢሆን ወይም ከሚያውቅ ጋር ቢመካከር ጥሩ ነው።

ጊዜው ይረዝማል፣ ይህን አልደብቅዎትም። በግንቦት 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከአላባማ በመጣ የመኪና ጉዳይ 6 ለ 3 ወስኗል። ንብረት የተያዘበት ሰው ዋናው ክርክር እስኪደርስ «ንብረቴ ለምን ይቆይብኛል» ብሎ ለብቻው ቀድሞ የመሰማት ሕገ መንግሥታዊ መብት የለውም አለ። ዳኛ ጎርሰች፣ ዳኛ ቶማስን ጨምረው፣ በውጤቱ ቢስማሙም ሥርዓቱን ራሱን ክፉኛ ጠየቁት። ሁለቱም ወግ አጥባቂ ዳኞች ናቸው። ይህ ጉዳይ ቀኝና ግራውን ያስማማ ብርቅ ነገር ነው። ኮንግረስ ግን እስካሁን አልነካውም። በችግር ምክንያት ቀድሞ ይመለስልኝ የሚል አንቀጽ አለ። ካሽን ግን፣ የሕጋዊ ድርጅት ንብረት ካልሆነ በቀር፣ አያካትትም።

ክሱ ከተከፈተ ማስረዳት ያለበት መንግሥት ነው። ግን እንደ ወንጀል ከጥርጣሬ በላይ አይደለም፣ ሚዛን የሚደፋ ማስረጃ ይበቃዋል። ወንድምዎ ካሸነፈ የጠበቃውን ወጪ መንግሥት ይከፍላል፣ ወለድም አለ። በስምምነት ካለቀ ይህ ብዙውን ጊዜ ይቀራል። «ግማሹን ወስደህ ፈርም» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ገንዘቡ 3,000 ቢሆን ኖሮ ውሰድና ተገላገል እል ነበር፣ ጠበቃው ይበልጠዋልና። ለ38,000፣ ደብተሩና የባንክ ወረቀቱ ከተሟላ፣ የመጀመሪያውን ሐሳብ አልቀበልም። ጠበቃ ሲይዙ «ፌዴራል የንብረት መውረስ ጉዳይ ይዘህ ታውቃለህ?» ብለው ይጠይቁ። የትራፊክ ቲኬት የሚከራከር ሁሉ ይህን አያውቅም። በሰዓት ከሚከፈለው ሌላ ከሚመለሰው ድርሻ የሚወስድም አለ።

ወደ አዲስ አበባ በዋሺንግተን ዳለስ ኤርፖርት ለሚሄዱት አንድ ነገር ላክል፣ በዚህ ሰሞን ይጠይቁኛልና። ካሽ ይዞ መውጣት አይከለከልም፣ ጣሪያም የለውም። ከ10,000 ዶላር በላይ ከሆነ ግን ፊንሰን 105 የሚባለውን ቅጽ ሞልቶ ለጉምሩክ ማስታወቅ ግዴታ ነው። አንድ ላይ የሚጓዝ ቤተሰብ ገንዘብ ተደምሮ ይታያል። ለባልም ለሚስትም ለልጅም 9,000 እያከፋፈሉ መደበቅ ራሱ ጥፋት ነው። በ1998 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያየው ባጃካጂያን የተባለ ጉዳይ አለ። ሰውየው 357,144 ዶላር ሳያስታውቅ ከሎስ አንጀለስ ሊወጣ ሲል ተያዘ። ገንዘቡ ንጹሕ ነበር፣ ዕዳ ሊከፍልበት ነው። ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ሁሉንም መውሰድ ከጥፋቱ ጋር አይመጣጠንም አለ። ግን እዚያ ለመድረስ ዓመታት ፈጀ። ቅጹን መሙላት ደቂቃዎች ነው የሚወስደው።

ለእቁቡ ቀጣይ ባለዕጣም ይንገሩልኝ። ትራክ የሚሸጥ ሰው ካሺየርስ ቼክ ወይም የባንክ ዝውውር አልቀበልም ካለ ሌላ ሻጭ ይፈለግ። የደረሰውን 24,000 ባንክ ሲያስገባም ሙሉውን በአንድ ቀን ያስገባ። «10,000 ካለፈ ለመንግሥት ይነገራል» ብሎ 9,000፣ 8,000፣ 7,000 እያደረገ ቢከፋፍል፣ ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆንም መከፋፈሉ ብቻ ወንጀል ነው። ባንኩ የሚልከው ቅጽ የተለመደ ወረቀት ነው። ወንድምዎ እንዲህ ያለ አንድ ቅጽ ከመንገዱ በፊት ቢኖረው ኖሮ ዛሬ ለዐቃቤ ሕጉ የምናሳየው የመጀመሪያው ማስረጃ እሱ ይሆን ነበር።